«ዕውር»፣ «ጭፍን» እና «ስውር» አንድ ቃል አይደሉም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ብላይንድ» የሚለውን ቃል ከስድብና ከምሳሌያዊ አነጋገር ለማስወጣት እየተከራከሩ ነውና እኛም «ዕውር»ን፣ «ጭፍን»ን እና «ዓይነ ስውር»ን ጠራርገን አውጥተን በሁሉም ቦታ «ማየት የተሳነው» እንበል። ለዚህም ቃላቱ ሁሉ አንድ ትርጉም እንዳላቸው፣ «ዓይነ ስውር» ቢሮ ወለድ አዲስ ቃል እንደሆነ፣ ዓይነ ስውር ማለት ቅንጣት ብርሃን የማያይ ሰው እንደሆነ፣ አማርኛ ለሌሎቹ የዕይታ ችግሮች ቃል እንደሌለው፣ ሕጉም ቃሉ ሲለወጥ እንደሚስተካከል ይከራከራሉ። መጨረሻ ላይ ዓይነ ስውርን ስለማነጋገርና መንገድ ስለመምራት ምክር ይለግሳሉ።

የተነሡበት ምክንያት ቅን ነው። በአንድ ነገርም እንስማማለን፤ እሱን በቦታው እናነሣዋለን። የቀረው ግን እንግሊዝኛን ራሱን ስላመመው የአማርኛን ራስ በሻሽ መጠፈር ነው።

ከ«ጭፍን» እንጀምር፤ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ነውና። እንግሊዝኛ የማያየውን ሰውም፣ ማየት ያልፈለገውንም፣ የተደበቀውንም ነገር፣ የማያሳልፈውንም መንገድ በአንድ ቃል ይጠራል። አማርኛ ይህን ሸክም ለየብቻ ከፋፍሎታል። «ጭፍን» የመጣው «ጨፈነ» ከሚለው ግስ ነው፤ መጨፈን ደግሞ የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ሥራ ነው። የዓይኑን ቆብ ይገጥማል፣ ሲሻው ይገልጣል። በድብብቆሽ «አኩኩሉ» እያለ የሚጠይቀው ልጅ ጨፍኗል እንጂ አልታወረም፤ «አልነጋም» የሚሉት ጓደኞቹም ቆይቶ እንደሚገልጥ ስለሚያውቁ ነው ለመደበቅ የሚሯሯጡት። «ጨፍኑ ላሞኛችሁ» የሚባለውም ለሚያዩ ሰዎች ነው።

ስለዚህ «ጭፍን ጥላቻ»፣ «ጭፍን ድጋፍ»፣ «በጭፍን ፈረመ» ስንል ሰውየውን የምንወቅሰው ዓይን ስለሌለው ሳይሆን ዓይን እያለው ስለከደነው ነው። በጸሐፊው ምክር «ማየት የተሳነው ጥላቻ» ብንል ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ «ተሳነው» ማለት ፈልጎ አልቻለም ማለት ስለሆነ ወቀሳው ይቀርና ጥላቻ ያደረበት ሰው አዘኔታ የሚገባው ይሆናል። ሁለተኛው ይብሳል፤ እስከዛሬ ከዓይነ ስውራን ጋር ምንም ያልተያያዘውን ነውር አሁን አዲስ አያይዘን እንሰጣቸዋለን። ሰዎቹን ከስድብ ለማዳን የተጻፈ ምክር ስድቡን በደጃቸው ያራግፋል።

«ስውር»ም የራሱ መንገድ አለው። ሰወረ ማለት ደበቀ፣ ከለለ ነው፤ ተሰወረ ማለት ከዓይን ራቀ። ስውር ደባ፣ ስውር እጅ እንላለን። በገዳማት ትውፊት «ስውራን» የሚባሉት ለሰው ዓይን የማይገለጡ ቅዱሳን ናቸው። ለማሳጠር ብሎ «ስውራኑ መጡ» የሚል ሰው እንግዲህ ሳያውቀው ከዋሻ ባሕታዊ እየጠራ ነው። «ዓይነ» የምትለዋ ቃል የግድ መኖር አለባት።

እሷ ስትገባ የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። «ዓይነ ስውር» የግእዝ ዘርፍና ባለቤት አያያዝ ነው፤ ልበ ሙሉ፣ እጀ ሰፊ፣ አፈ ጮሌ፣ ዓይነ ደረቅ በሚባሉበት አሠራር የተሠራ ነው። እጀ ሰፊ ስንል የሰፋው እጁ እንጂ ሰውየው እንዳልሆነ ሁሉ፣ ዓይነ ስውር ስንልም የተሰወረው የዓይኑ ብርሃን ብቻ ነው። «ዓይን የሌለው» ማለት አይደለም፤ ጸሐፊው እንደዚያ መተርጎማቸው ስሕተት ነው። ሰውን በጉዳቱ አትጥሩት፣ ጉዳቱን ለአካሉ ስጡት የሚለው የዘመኑ ጥያቄ በዚህ አያያዝ ውስጥ ድሮውኑ ተመልሷል። ቢሮ ወለድ ነው መባሉም አይገባንም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ማኅበር ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ አባላቱ ዛሬም ራሳቸውን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ስሙን የያዙት ሰዎች ያልጣሉትን እኛ በምን ሥልጣን እንጥልላቸዋለን?

«ስውር» ሌላም ጥቅም አለው፤ ተርጓሚዎች ልብ ቢሉት ደስ ይለናል። እንግሊዝኛው «ብላይንድ» ብሎ «የተደበቀ» ለማለት በፈለገበት ቦታ ሁሉ በአማርኛ የሚገባው ዕውርም ጭፍንም ሳይሆን ስውር ነው። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» እንደምንለው ሁሉ፣ በኢሜይል ሌሎቹ ተቀባዮች ሳያዩት የሚላከው «ስውር ግልባጭ» ነው። ከላይ ክሩ የማይታየው የቀሚስ ጠርዝ «ስውር ስፌት» ነው። በመድኃኒት ሙከራ ታማሚው የትኛውን እንክብል እንደወሰደ ካላወቀ በአንድ ወገን ስውር፣ ሐኪሙም ካላወቀ በሁለት ወገን ስውር ነው። አሠራሩም ይህንኑ ይላል፤ እንክብሎቹ በመልክ፣ በመጠንና በጣዕም አንድ ዓይነት ይደረጋሉ፣ ዕቃው ላይ የኮድ ቁጥር ብቻ ይጻፋል፣ የኮዱ መፍቻ በሦስተኛ ወገን ዘንድ ይቀመጣል፣ ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። እዚህ የተደበቀ ነገር አለ እንጂ የታወረ ሰው የለም። እንግሊዝኛዎቹ ራሳቸው በዓይን ሕክምና ሙከራዎች ላይ ቃሉ ግራ ስለሚያጋባ «የተሸፈነ» ወደሚለው ዞረዋል። በብረት ሥራም አለ፤ እንግሊዝኛው «ብላይንድ» የሚለውን፣ ከወዲያ ማዶ የማይወጣውን ቀዳዳ «ያልዘለቀ ቀዳዳ» ማለት ይበቃል።

ወደ «ዕውር» እንምጣ። ጸሐፊው ቃሉ «ሲፈጠርም ለስድብ ነው» ይላሉ። አይደለም። ዕውር የጥንት ሴማዊ ሥር ያለው ተራ ቃል ነው፤ ግሱ «ታወረ»፣ አድራጊው «አሳወረ» ነው። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በዕብራይስጥ «ዒቬር» ሲሉ የሚሰሙት የዚሁ ሥር ወንድም ነው። በዓረብ አገሮች የሚሠሩት ግን ይጠንቀቁ፤ በዓረብኛ «አዕወር» ማለት አንድ ዓይና ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ የማያዩት «አዕማ» ይባላል። ሐኪም ቤት ለማስተርጎም የገባ ሰው በድምፁ ተማምኖ አንዱን በሌላው ቢተካ የታማሚውን ጤነኛ ዓይን በቃል ያጠፋዋል። ዓረብኛው ይህንኑ ቃል ለትልቁ አንጀት መነሻ ከረጢትም ይሰጠዋል፤ እኛ ከዚያ ላይ የበቀለችውን ቀጭን ጭራ «ትርፍ አንጀት» ብለን ከዕውርነት አድነናታል።

ቃሉ በክብር የቆመባቸው ቦታዎችም አሉ። በሰበታ ያለው የታወቀ ትምህርት ቤት ስሙ «መርሐ ዕውራን» ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 14 በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ይከለክላል፤ ቃሉን ከዚያ ፍቆ ማውጣት ክልከላውን ማደብዘዝ ነው። እግዚአብሔርን «የዕውር አሞራ ቀላቢ» የሚሉ ሰዎች አሞራውን እየተሳለቁበት አይደለም። ዕውር የሚለው በነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጠበቅ፣ የሚመገብና የሚማር ፍጡርን ነው የሚጠራው።

አሁን የምንስማማበት። ዛሬ አንድን ሰው ፊት ለፊት «ዕውር» ብሎ መጥራት ስድብ ነው፤ ክርክር የለውም። ቃሉን ያበላሸው ግን የሚያዩት ሰዎች እርስ በርስ መሰዳደቢያ ማድረጋቸው ነው። ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዕውር ነህ እንዴ!» የሚለው ለሚያይ እግረኛ ነው። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» የሚለው ተረትም በእርግጥ ይንቃል፤ አትችልም ነው የሚለው። «የዕውር ድንብር» እንዲሁ። መደንበር የበረገገ ከብት ነገር ነው፤ በትር ይዞ መንገዱን እየለካ የሚሄድ ሰው ከሚያየው ይልቅ ተጠንቅቆ ይራመዳልና አነጋገሩ ውሸትም ነው። ሥራን ለመንቀፍ ከሆነ «ያለ ዕቅድ» ወይም «በዘፈቀደ» ይበቃል። እነዚህን ሁለቱን ጸሐፊው ቢያነሡ ኖሮ ምላሽ ባላስፈለገ ነበር። እሳቸው ግን ንጹሑን «ጭፍን» ይዘው ጥፋተኛውን «የዕውር ድንብር» ለቀቁት።

ሦስተኛው ነጥብ ከቃል ጨዋታ ያልፋል፤ ሰው ይጎዳል። ጽሑፉ ዓይነ ስውር ማለት «ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ያለ» ነው ካለ በኋላ፣ በትር ይዞ ስልክ የሚያነብን ሰው አስመሳይ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት ልኬት ሌላ ነው። በተሻለችው ዓይን፣ ሰውየው አሁን የሚያደርገውን መነጽር እንዳደረገ ይለካል። ውጤቱ ከ3/60 በታች ከሆነ ዓይነ ስውርነት ነው፤ ይኸውም ጤናማ ዓይን በ60 ሜትር የሚለየውን ይህች ዓይን በ3 ሜትርም አትለየውም ማለት ነው። ከ6/60 በታች እስከ 3/60 ከባድ የዕይታ ጉዳት፣ ከ6/18 በታች እስከ 6/60 መካከለኛ ይባላል። ከ3/60 በታች ያለው ክፍልም ራሱ ደረጃ አለው፤ በአንድ ሜትር ጣት የሚቆጥር አለ፣ የእጅ ንቅናቄ ብቻ የሚያይ አለ፣ መብራት መብራቱንና መጥፋቱን ብቻ የሚያውቅ አለ። ምንም የማያየው የመጨረሻው ደረጃ ነው።

ጥራት ብቻ ሳይሆን ስፋትም ይለካል። ከመሀል ዙሪያውን ከ10 ዲግሪ ያላለፈ ዕይታ የቀረው ሰው የመሀል ጥራቱ ሙሉ ቢሆንም ዓይነ ስውር ይባላል። ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ወይም በዘር የሚወረስ የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) መመንመን የጠናበት ሰው እንደዚህ ነው፤ በቧንቧ እንደሚያይ ሰው ደቃቅ ፊደል ያነባል፣ እግሩ ሥር ያለውን ቦይ ግን አያይም። ስልኩም በትሩም እውነት ናቸው። የሬቲናው መሀል የተጎዳበት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ያለ በትር ይሄዳል፣ የወዳጁን ፊት ግን አይለይም፤ «አይቶ ዘጋኝ» እየተባለ የሚታማው እሱ ነው። ለነዚህ «ጭላንጭል የሚያይ» ወይም «በከፊል የሚያይ» የሚል ጥሩ አማርኛ አለ። «ማየት የተሳነው» ግን ሁሉንም አንድ ላይ ይጨፈልቃል፤ መብራት የጠፋበትንም ሰው ሳይቀር። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ እዚያ ሕጉ ዓይነ ስውር የሚለው በመነጽር ታርሞ 20/200 (በሜትር 6/60) እና ከዚያ በታች የሆነውን፣ ወይም የዕይታ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 20 ዲግሪና ከዚያ በታች የሆነውን ነው። 5/60 የሚያይ ሰው ስለዚህ እዚያ በሕግ ዓይነ ስውር ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ ግን ከባድ የዕይታ ጉዳት ያለበት ይባላል።

ጸሐፊው «ዕውርነት ዕድሜ ልክ ነው» ላሉትም ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በኢትዮጵያ ዓይነ ስውርነት 1.6 በመቶ፣ ዝቅተኛ ዕይታ 3.7 በመቶ ተገኝቷል፤ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ መንሥኤው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ሞራ ማለት የደፈረሰ ሌንስ ነው፤ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲገባ ብርሃን ይመለሳል። በሕፃን ላይ ከሆነ ግን ሳይዘገይ መሠራት አለበት፤ አለዚያ ዓይኑ ቢጠራም አእምሮው ማየትን ሳይማር ይቀራል። በግላኮማ የጠፋው አይመለስም፤ በትራኮማ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት እየፋቀ ያደፈረሰው ብሌንም በቀላሉ አይጠራም።

አማርኛ ለማታ ብቻ ለሚደክም ዓይን «ቃል ስለሌለው» ጸሐፊው «የምሽት ማየት የተሳነው» የሚል ስም ያወጣሉ። ዳፍንትን ረስተዋታል! ዳፍንት የምትባለው ሲመሽ የምትይዝ፣ ሲነጋ የምትለቅ የዓይን ችግር ናት። ልጁ ቀን እንደ ልቡ ሲሯሯጥ ይውልና ፀሐይ ስትጠልቅ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም፤ ከተንቀሳቀሰም በርጩማ ላይ ይወድቃል። ዋናው ምክንያት የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የሬቲና ሕዋሳት ቀለማቸውን የሚሠሩት ከዚህ ቫይታሚን ስለሆነ መጀመሪያ የሚከስመው የማታው ዕይታ ነው። ከዚያ የዓይን ነጩ ይደርቃል፣ ሳሙና አረፋ የመሰለ ነጭ ነጥብ ይወጣበታል፤ ካልታከመ ብሌኑ ይቀልጥና ዓይነ ስውርነቱ ዕድሜ ልክ ይሆናል። መከላከያው ርካሽ ነው፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000 ዩኒት፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላለው 200,000 ዩኒት በየ4 እስከ 6 ወሩ በአፍ ይሰጣል። ምልክቱ የታየበት ልጅ ግን የዘመቻ ቀን አይጠበቅለትም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ የሕክምናው አሰጣጥ ሌላ ነውና። እናት «ልጄን ዳፍንት ያዘው» ስትል በአንድ ቃል የምትናገረውን ጤና ሠራተኛ ወዲያው ይረዳታል። ያንን ቃል በሦስት ቃል ተክቶ ማስረሳት ምን ትርፍ አለው? እርግጥ ዳፍንት ሁሉ ከምግብ አይደለም፤ በዘር የሚመጣው የሬቲና መመንመንም በዳፍንት ይጀምራል፣ እሱን ጉበትም ካሮትም አያድነውም።

በቀለሙ ጉዳይ ግን ጸሐፊው «የቀለም ዕውር» አይባል ማለታቸው ልክ ነው፤ ምክንያታቸው ነው የተሳሳተው። ስድብ ስለሆነ ሳይሆን ሐሰት ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ ቀለም ያያሉ፤ ቀይና አረንጓዴ ይምታታባቸዋል እንጂ። ችግሩ በኤክስ ክሮሞዞም ስለሚተላለፍ በወንዶች ይበዛል፤ ከሰሜን አውሮፓ ዘር በሆኑት ዘንድ ከወንዶች 8 በመቶ፣ ከሴቶች 0.5 በመቶ ያህል ነው። «ቀለም መለየት የሚቸግረው» ብሎ ማለፍ ነው።

ከዓይናችን ጀርባ ያለችውን ቦታ በተመለከተ ግን «ዕውር ነጥብ» የሚለው ይቆይ፤ ቃሉ ከዚህ የበለጠ ልክ የሚሆንበት የለም። የዓይን ነርቭ ከሬቲና በሚወጣበት ቦታ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። ወረቀት ላይ በግራ መስቀል፣ ከእሱ 8 ሴንቲ ሜትር በስተቀኝ ወፍራም ነጥብ ያድርጉ። ግራ ዓይንዎን ጨፍነው በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያዩ ወረቀቱን ከ50 ሴንቲ ሜትር ቀስ ብለው ያቅርቡ። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነጥቧ ትሰወራለች። ካልሆነልዎ ዓይንዎ ወደ ነጥቧ ሸሽቷል ማለት ነው። ጨፈንን፣ ነጥቧ ተሰወረች፣ ቦታው ዕውር ነው፤ ሦስቱ ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት የተለያየ ሥራ ሠሩ።

ብሬልን «የዓይነ ስውራን ቋንቋ» ማለታቸውን አልፈን መሄድ አልቻልንም። ብሬል ጽሕፈት ነው። በስድስት ነጥቦች 63 ምልክት ይወጣል፤ አማርኛም፣ እንግሊዝኛም፣ ዓረብኛም ይጻፍበታል።

ሕጉ ዘንድ ስንደርስ የቃል ለውጡ አደገኛ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 የዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ያን ጊዜ ከመታለል ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። ዛሬ ግን ውሉን ራሱ በኮምፒዩተር አርቅቆ፣ በድምፅ አንባቢ መስመር በመስመር አዳምጦ የፈረመ የሕግ ባለሙያም በዚሁ ይያዛል። ጸሐፊው «ዕውር» በ«ማየት የተሳነው» ቢተካ መብቱ እንደሚከበር ያምናሉ። በተቃራኒው ነው የሚሆነው፤ ፊርማው እንደታሰረ ይቀርና አዲሱ ሰፊ ቃል እስከዛሬ ነፃ የነበረውን ጭላንጭል የሚያየውንም ሰው ይጨምራል። መለወጥ ያለበት ግዴታው ነው፤ ለምሳሌ ሰነዱን በሚያነበው መንገድ አግኝቶ ያረጋገጠ ሰው ፊርማው እንደማንኛውም ሰው ይጽና ብሎ።

የመጨረሻው ምክራቸው ለዓይነ ስውር ሲናገሩ «አየህ»፣ «እንተያያለን» ከማለት መቆጠብ፣ ድምፅን ከፍ ማድረግ፣ መንገድ ላይም እጁን ይዞ መሳብ የሚል ነው። ሦስቱም አይሆኑም። በአማርኛ ማየት የዓይን ብቻ አይደለም፤ ቀምሶ ያያል፣ ዳስሶ ያያል፣ ጠይቆ ያያል። ዓይነ ስውሩም ራሱ «ትናንት ኳስ አየሁ» ይላል፤ እየተጠነቀቁለት የሚንተባተብ ሰው ነው የሚያስቸግረው። ጆሮው ደግሞ ምንም አልሆነም።

አመራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስምዎን ተናግረው «ላግዝዎት?» ይበሉ፤ አይ ካለ አይ ነው። እሺ ካለ የእጅዎን ጀርባ ከእጁ ጀርባ ጋር ያነካኩ፤ እሱ ራሱ ወደ ላይ ተከትሎ ከክርንዎ ከፍ ብሎ ይይዛል። እርስዎ ግማሽ ርምጃ ቀድመው ይሂዱ፤ ክንድዎ ሲወርድ ሲወጣ መንገዱን ያነባል። እሱን ይዘው ከፊት ከገፉት ግን ጉድጓዱን ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። ጠባብ መተላለፊያ ሲመጣ ክንድዎን ወደ ጀርባዎ ያዙሩ፣ ከኋላ ይከተላል። ደረጃ ፊት ቆም ይበሉና ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑን ይንገሩት፤ ሲያልቅም እንዲሁ። «ተጠንቀቅ!» ብቻ ማለት ያስደነግጣል እንጂ አይጠቅምም፤ «ከሦስት ርምጃ በኋላ በስተግራ ክፍት ቦይ አለ» ይበሉ። ታክሲ ላይ አንድ እጁን ከበሩ የላይ ጠርዝ ያስይዙት፣ ጭንቅላቱን ከምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ለመቀመጥ እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ያድርጉለት፤ ትከሻውን ተጭኖ ማስቀመጥ አይገባም። ሲለዩትም «ሄጃለሁ» ይበሉ፤ አለዚያ ለባዶ ቦታ ሲያወራ ይቆያል።